ስኳር የሌለው «ወተት» ፍለጋ

ካንዲዳ የሚባለውን ፈንገስ ያጠፋል የሚባለውን «ካንዲዳ ዳይት» ጀምሬያለሁ፤ ወተትም ስኳርም የለም። ዛሬ ጅማን ስዞርባት ዋልኩ። አንድ ሱፐርማርኬት የአጃ ወተት አገኘሁና ካርቶኑን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። ፊት ለፊቱ «ስኳር አልተጨመረበትም» ይላል፤ ከኋላ በደቃቁ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር 4 ግራም ስኳር። ማጭበርበር እንኳ አይደለም፤ ሲመረት የአጃውን ስታርች ኢንዛይም ሲሰባብረው ማልቶዝ የሚባል ስኳር ይወጣዋል። የላም ወተት ላክቶሱ (የወተት ስኳሩ) 5 ግራም ገደማ ነው፤ ታዲያ ምኑን ቀየርኩት? ስኳር ያልገባበት የአልመንድ ወተት ከ1 ግራም በታች ነው፣ ዋጋው ግን... ተዉት።

እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ ሱፍ ገዛሁ። ጾም የሚያውቅ ቤት መላ አያጣም! ቀቀል አድርጎ መውቀጥ፣ በውኃ አሽቶ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፤ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ቅርፊቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ስኳርና ማር እንዳትነኩ ብቻ። ቡና ላይ ግን አልመክርም፤ የጅማ ቡና ጥቁሩን ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ዳይቱ ካንዲዳን እንደሚያጠፋ ጠንካራ የሕክምና ማስረጃ የለም፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን የፈንገስ መድኃኒት በሱፍ እንዳትተኩ።

ስኳር የሌለው የአኩሪ አተር ወተት ጅማ ውስጥ ያየ ካለ ኮመንት ላይ ጣል ያድርግልኝ።