ቀይዋ የፀጉር ላስቲክ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ገንዳ ላይ ላይፍጋርድ፣ ማለትም የዋናተኞች ጠባቂ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ገንዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ውሃው ውስጥ ወደ 40 የሚጠጋ ሰው አለ፤ ግማሹ ልጆች ናቸው።

አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ጥቁር ታይትና እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ነጭ የጥጥ ቲሸርት ለብሳለች። መግቢያው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ደግሞ «ያለ ዋና ልብስ ወደ ገንዳ መግባት ክልክል ነው» ይላል። አስቆምኳቸው።

«ወንድሜ፣ ባለፈው ላንጋኖ በዚሁ ልብስ ነው የዋኘችው። ማንም ምንም አላላትም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ላንጋኖ ላይ በቁምጣም፣ በቲሸርትም፣ በታይትም ይገባል። ብዙ ሰው በዚህ ይበሳጫል፤ ሆቴሎች ልብስ ለመሸጥ ያወጡት ሕግ ይመስለዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ሐይቅ ሰፊ ነው፤ ገንዳ ግን ያንኑ ውሃ በፓምፕና በፊልተር እያዞረ ነው የሚጠቀመው። የጥጥ ልብስ ክር ይለቃል፣ ክሩ ፊልተሩን ይደፍናል። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ትንሽ ልጅን ወደ ታች ይጎትታል። ከመንገድ የመጣ ልብስ አቧራ፣ ላብና የሳሙና ትራፊ ይዞ ይገባል፤ ክሎሪኑ ጀርም መግደሉን ትቶ እሱን ሲታገል ያልቃል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፦ ገንዳ ዳር ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ሲመጣ ሰው «ክሎሪን አብዝተውበታል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሽታው የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ውሰዱ የምንለው ለዚህ ነው።

ይህን በአጭሩ አስረዳኋት። ገባትና ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ ወዳለችው ሱቅ አብረን ሄድን። በልጅቷ ልክ ሁለት ዋና ልብስ ብቻ ተገኘ። አንዱ ብርቱካናማ ነው። ሌላው ነጭ አበባ ጣል ጣል ያለበት ውሃ ሰማያዊ። ልጅቷ እጇን ወደ ብርቱካናማው ዘረጋች። እናትየው ወደ እኔ ዞራ «የቱ ይሻላል ትላለህ?» አለችኝ።

«ሰማያዊው ያምርባታል» አልኳት።

ያንን ልብስ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

የላይፍጋርድ ሥራ አንድ የታወቀ መለኪያ አለው። የተሰጠህን ክልል በ10 ሰከንድ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በዓይንህ ትቃኛለህ፤ ችግር ካየህ በ20 ሰከንድ ውስጥ ትደርሳለህ። ከታች ትጀምራለህ፤ ወለሉን፣ መሐሉን፣ ከዚያ ላዩን። በዚያ ሰዓት ያንኑ እያደረግኩ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ውሃው ላይ ታንፀባርቃለች። ልጆች ይዘላሉ፣ ውሃው ይናጣል፣ ወለሉ ላይ የብርሃን መስመሮች ይርመሰመሳሉ። የወለሉ ሴራሚክ ውሃ ሰማያዊ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ ገንዳዎች።

እናትየዋ ፎጣ ለማውጣት ወደ ቦርሳዋ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል «ልጄስ?» አለች። ጮክ ብላም አልነበረም፤ አጠገቧ ያለ ሰው እንደምትጠይቅ ነው ያለችው።

ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። የሚንቦጫረቅ ሰው አላየሁም። ይህን ማንም ወላጅ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የሚሰጥም ልጅ አይጮህም። ለመጮህ አየር ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አየር አጥቷል። እጁን አያውለበልብም። ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። እኔም ወለሉን ሳይ ወለል ብቻ ነው የታየኝ፦ ሴራሚክ፣ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን፣ የሰው እግር።

እንደገና አየሁ። ጥልቀት የሌለው ክፍል አልቆ ወለሉ መዝቀጥ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። የሽንብራ ፍሬ ታህላለች። ትኩር ብዬ ሳያት የፀጉር ላስቲክ ሆነች። ከላስቲኩ ዙሪያ ፀጉር ወጣ። ከፀጉሩ ሥር ትከሻ፣ ከትከሻው ሥር ልጅቷ። እዚያው ነበረች።

ፊሽካዬን ነፋሁና ዘለልኩ። አውጥቼ ዳር ላይ በጎኗ ሳስተኛት አሳላት፣ ውሃ አስመለሳት፣ ከዚያ አለቀሰች። ልጅ አለቀሰ ማለት አየር እየገባው ነው ማለት ነው። እናቷ እግሯን ይዛ እግሯን ብቻ ትስማለች። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። «ደህና ሆናለች፣ ቤት እንሂድ» ብለው ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ሳንባ የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። እስከ ማታ በሐኪም ዓይን ሥር ቆይታ በጤና ወደ ቤቷ ገባች።

አለቃዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስልክ ላይ ነበርክ?» ብሎ ነው። አልነበርኩም። ካሜራው ተከፈተ፣ አብረን አየነው። ልጅቷ ከወረደች በኋላ ጭንቅላቴ ወደዚያ ቦታ ሁለት ጊዜ ዞሯል። ሁለት ጊዜ በላይዋ ላይ አይቼ አልፌአለሁ። ዓይኔ እዚያው ነበር፤ ልብሷ ግን ከወለሉ ጋር አንድ ሆኖብኛል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ያቺ ላስቲክ ሰማያዊ ብትሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ አለቀቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ገንዳው ለጽዳት ይዘጋል። የገንዳውን ፓምፕና ፊልተር የሚይዙት ቴክኒሻን በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አልኳቸው። ከሱቁ የየቀለሙን አንድ አንድ ልብስ ተውሼ በድንጋይ አክብጄ በገመድ አሰርኩ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ላይ አወረድኳቸው። ውሃው ረግቶ እያለ ሁሉም ይታያል። «አሁን ያናውጡልኝ» አልኳቸው። ጋሼ የማጽጃውን ረጅም ዘንግ ይዘው ውሃውን ናጡት።

ውሃ ሰማያዊው ወዲያው ጠፋ። ነጩም ጠፋ። ግራጫው ተከተለ። ጥቁሩና ጠቆር ያለው ሰማያዊ ይታያሉ፣ ግን ጥላ ይመስላሉ። ጋሼ «እኔ ብሆን የወደቀ ቅጠል ነው ብዬ አልፈዋለሁ» አሉኝ። ይኼ ደግሞ ከመጥፋት አይሻልም፤ ዓይን አይቶ ይንቀዋል። ሳይደበዝዙ የቀሩት ብርቱካናማው፣ ደማቅ ሮዙ፣ ቀዩና የትራፊክ ፖሊሶች ሰደርያ ላይ ያለው ዓይነት የሚያበራ ቢጫ ናቸው። ፀሐዩ ዞሮ ሲያንፀባርቅ ደግመን ሞከርነው። ያው ነው።

ጋሼ ዘንጉን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ውሃውን አዩ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ስለ ክር ብቻ ነው የጮህኩት» አሉ።

እኔም የቆጨኝ ይኸው ነው። ሕጋችን ለፊልተሩ አስቧል። ለልጁ መታየት ግን አላሰበም።

የዚያው ዓመት ገና ሰሞን ላንጋኖ ወዳለ አንድ ሎጅ ለሥራ ተላክሁ። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ያንን ገመድና ልብሶቹን ይዤ ነው የሄድኩት። እዚያ ደርሼ ሳወርዳቸው የገንዳው ትምህርቴ ግማሹ ብቻ ሠራልኝ። ላንጋኖን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውሃው ቡናማ ነው። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ በጣም የላመ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚኖርና ነፋስ ስለሚያናውጠው ነው። ጉልበትህ ድረስ ገብተህ የእግር ጣትህን አታይም። ልብሶቹን ሳወርድ ከክንድ እንኳ ሳይርቁ ሁሉም ጠፉ። ብርቱካናማው ከሌሎቹ ትንሽ ዘገየ እንጂ እሱም ጠፋ።

ስለዚህ ገንዳ ላይ የልብሱ ቀለም ከውሃ በታች ያለን ልጅ ያሳያል። እንደ ላንጋኖ ባለ ደፍራሽ ሐይቅ ላይ ግን ከውሃ በታች የሚያሳይ ቀለም የለም። እዚያ የሚታየው ከውሃው በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ጭንቅላትና ትከሻ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ላንጋኖ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይነሳል። ቡናማ ውሃ ላይ የረጠበ ጥቁር ፀጉር ከሩቅ መለየት እንዴት እንደሚያስጨንቅ የሚያውቀው ዳር ቆሞ የጠበቀ ሰው ነው። በዚያ ሳምንት ዓይኔን ያሳረፉልኝ የዋና ኮፍያ ያደረጉ ልጆች ናቸው፤ ደማቅ ቢጫ፣ ደማቅ ብርቱካናማ። ከ50 ሜትር ይለያሉ። ቆንጆ የአንገት ጥለት ያላት ጥቁር ዋና ልብስ የለበሰች ልጅ ግን ከአሥር ሜትር በኋላ እንደ ማንም ሰው ጥላ ናት።

እዚያ እጅጌ ያለው ልብስም የራሱ ጥቅም አለው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,580 ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰው ሙሉ ቀን አሸዋው ላይ ይውላል፤ ማታ ትከሻው አይነካም። «ቲሸርት ለብሻለሁ» የሚሉ አሉ። የረጠበ የጥጥ ቲሸርት ከደረቁ ይልቅ ጨረር ያሳልፋል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ይልቅ ለዋና ተብሎ የተሠራ ባለ ረጅም እጅጌ ልብስ አለ፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ብዙ እህቶቻችን ገላቸውን ማሳየት ስለማይፈልጉ ብቻ ውሃ ዳር ተቀምጠው የሰው ጫማ ሲጠብቁ ይውላሉ። ይኼ ያሳዝነኛል። እንዲህ ያለውን ልብስ ለብሰው ሐይቅም ገንዳም መግባት ይችላሉ። የሚከለክል ገንዳ ካለ ጨርቁን ነክቶ ይይ፤ ለዋና የተሠራ ጨርቅ እንደ ጥጥ ክር እየለቀቀ ፊልተሩን አያስቸግርም።

ስለ ጨርቁ ካነሳሁ አይቀር፣ የሚለጠጠው ላይክራ ለክሎሪን ደካማ ነው። በየሳምንቱ ገንዳ የሚገባ ሰው ልብስ በጥቂት ወራት ውስጥ ይላላል፤ መቀመጫው ጋ ይሳሳና ብርሃን ያሳልፋል። ለገንዳ የፖሊስተር መጠኑ ከፍ ያለውን ምረጡ። ከወጣችሁ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ጥላ ላይ አስጡት። ሐይቅ ዳር ጠላቱ አሸዋ ነው፤ ሰፋ ያለ ቁምጣ እዚያ ይመቻል፣ ተቀምጠህ ተነስተህ ብትውልበት አይጎዳም። ያው ቁምጣ ገንዳ ውስጥ ኪሱ አየርና ውሃ እየያዘ ያስቸግርሃል። የተንጠለጠለ ማሰሪያ ያለው ልብስም ገንዳ ወለል ላይ ወዳለው የውሃ መሳቢያ እንዳይጠጋ፤ ልጅ ከሆነ ማሰሪያውን ቋጥሩለት ወይም ቁረጡለት።

ከላንጋኖ ስመለስ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አብሮኝ ወርዶ በዓይኑ አየ። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ «ልጆችን ደማቅ ቀለም አልብሱ፤ ውሃ ሰማያዊና ነጭ ውሃ ውስጥ አይታይም»። የሱቋ ልጅም የልጆች ልብስ ስትሸጥ አስቀድማ «የት ነው የሚዋኙት?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። ሕግ አልወጣባትም፤ ያን ቅዳሜ እሷም ነበረች።

ከፋሲካ በኋላ እናትና ልጅ ተመለሱ። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጅቷ ለሦስት ወር ዋና ስትማር ቆይታለች። እናትየው ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ ብርቱካናማ ዋና ልብስ ለገንዳው፣ ባለ እጅጌና ቢጫ ኮፍያ ደግሞ ለላንጋኖ።

«እህቴ፣ ያም ሆኖ ከክንድሽ አታርቂያት» አልኳት።

«እኔም አብሬያት ልገባ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ወንበሬ ላይ ወጣሁ። ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ደረጃውን ወረደች። ፀጉሯ ላይ ያቺው ቀይ ላስቲክ አለች። ከታች ጀመርኩ፤ ወለሉ፣ መሐሉ፣ ላዩ። ብርቱካናማው ይታየኛል። እንደገና ከታች ጀመርኩ።