ጫማው ምን በደለህ?

ደብረ ብርሃን ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ደጅ ያደረውን ጫማዬን አንስቼ ከደረጃው ጋር ሁለቴ መታሁትና ውስጡን አየሁ። እማዬ ጎመን እየቀነጠሰች ታየኛለች።

«አንተ ልጅ፣ ጫማው ምን በደለህ?»

«ሸረሪት ካለ ብዬ ነው።»

ሳቋን ጎረቤት ሰማው። እኛ ቤት ሸረሪት በመጥረጊያ ይጠረጋል እንጂ ማን ይፈራዋል?

አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ስገባ እኔም እንደሷ ነበርኩ። ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ጤና አዳም ተከልኩ። አንድ ቀን ተደፍቶ የከረመ የአበባ ሸክላ በባዶ እጄ ገለበጥኩ። ከስሩ ዝብርቅርቅ ያለ ድር። መሃሉ ላይ አተር የምታህል፣ የምታብረቀርቅ ጥቁር ሆድ፣ ጀርባዋ ላይ ቀይ መስመር። ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት በአጥሩ በኩል «እጅህን መልስ!» ብለው ጮኹ።

ሬድባክ የምትባል መርዘኛ ሸረሪት ናት። ካልጫኗት ከድሯ አትወርድም። ፀረ መርዟም ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የባሰው ፈነል ዌብ የሚባለው ሸረሪት ነው፤ እሱም ጥቁርና አብረቅራቂ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ሠርቶ የሚኖር። ወንዱ ከሴቷ ይከፋል። ሙቀት ሲመጣ ሌሊት ሴት ፍለጋ ይዞርና ሲነጋ ያገኘው ጫማ ውስጥ ይሸጎጣል። ፀረ መርዙ በ1981 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ በሱ ንክሻ የሞተ ሰው አልተመዘገበም፤ ቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ ግን የግድ ነው። እሱ ከነከሰ እጅ ወይም እግሩን ሙሉውን በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ አለማንቀሳቀስ፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 000 መደወል። ለሬድባክ ግን ፋሻ አይታሰርም፣ በረዶ ነው የሚያዝላት። ይህን ያደባለቀ ጉድ ይፈላበታል።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንቴ መዳፍ የሚያህል ሃንትስማን የሚባል ሸረሪት ግድግዳ ላይ አይቼ በመጥረጊያ ጨፈለቅኩት። ለካ እሱ ምስኪን በረሮ አዳኝ ነው!

አሁን ጓንትና ሽፍን ጫማ ሳላደርግ ጓሮ አልወርድም። ሸክላ የማነሳው በእንጨት ገልበጥ አድርጌ አይቼ ነው። መርዝ አልረጭም። አንዷ ሬድባክ ከቆሻሻ በርሜሉ ጀርባ ከርማለች፤ እሷም እዚያ፣ እኔም እዚህ።

ለምሳ አጎቴ ከሸዋ ሮቢት መጡ። እማዬ ቀድማ ነገረቻቸው፣ እያሾፈች። እሳቸው አልሳቁም።

«ለጊንጥ ነው?» አሉኝ።

ሲወጡ በር ላይ የተዉትን ጫማ አነሱና ከግንቡ ጋር መታ መታ አደረጉት።

«ሁለታችሁም!» አለች እማዬ።