«ወጪዬን በራሴ እሸፍናለሁ»

በማመልከቻ ቅጻችን ላይ አምስተኛው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ «የመጀመሪያው ወር አበል እስኪከፈል ድረስ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪዎን በራስዎ መሸፈን ይችላሉ?» ከሥሩ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ «አዎ» እና «አልችልም»። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ክረምት አልፎታል፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ድርጅታችን ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየሄደ ይደግፋል። በየክረምቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ይመጡልናል። ለዓመታት የሚያገለግሉት በነጻ ነበር፤ ስለዚህም የሚመጡት አዲስ አበባ ቤተሰብ ያላቸው፣ ቁርሳቸውን በልተውና ምሳቸውን ቋጥረው የሚወጡ ልጆች ብቻ ነበሩ። ታታሪዎች ነበሩ፤ ስማቸውን በክፉ አላነሳም። የገበሬ ልጅ ግን ክረምቱን ወይ አገሩ ገብቶ አባቱን ያግዛል፣ ወይ የቀን ሥራ ይፈልጋል እንጂ ሁለት ወር ያለ ሳንቲም መክረም አይችልም። ሲመረቅ ደግሞ የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ «ልምድ ያለው» ይለዋል። ይህን በር እንክፈት ብለን ለጋሽ ፈለግን፤ ለስምንት ተማሪዎች በወር 3,000 ብር አበል አስፈቀድን። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ልጆች በሁለተኛው ሳምንት ቀሩ። አበሉ የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ፣ የሰዓት ፊርማና ሪፖርት ታይቶ ነበርና «እስከዚያ የሚዘልቀውን እንምረጥ» ብዬ አምስተኛውን ጥያቄ ጨመርኩ።

በቀጣዩ ክረምት ከተመረጡት አንዷ ሦስተኛ ዓመቷን የጨረሰች የሶሻል ወርክ ተማሪ ነበረች። አረጋውያኑ ወደዷት። ነገር ግን ታረፍዳለች። ቢሮ የምንገባው 2፡30 ነው፤ እሷ 2፡50፣ አንዳንድ ቀን 3 ሰዓት ትደርሳለች። በሁለተኛው ሳምንት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኋት፤ ግልባጩንም ለትምህርት ክፍሏ ላክሁ። ቆማ አነበበችው፤ ፈረመች፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አይደገምም» አለች። በማግስቱ 2፡25 ላይ ከበሩ ስር አገኘኋት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩ።

በዚያው ሳምንት ከምንደግፋቸው አንዱ፣ ልደታ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር፣ ስልክ ደውለው ጠሩኝ። ስገባ ልጅቷ የለችም፤ መድኃኒት ልታመጣላቸው ወጥታለች። በእግሯ የእሳቸውን ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው የሄደችው። የራሷ የሸራ ጫማ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተደግፎ ይጤሳል።

«አንሺና ውስጡን እዪው» አሉኝ።

አነሳሁት። ሶሉ ከተረከዙ በኩል አልቋል፤ ቀዳዳው ላይ ከሳሙና ካርቶን በልኩ የተቆረጠ ቁራጭ ገብቷል። ካርቶኑን ራሳቸው ጋሼ ናቸው የቆረጡላት፤ ለነገ የሚሆን ሌላ ቁራጭ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

«ከሽሮ ሜዳ በእግሯ ነው የምትመጣው፤ በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ አድርጋ። ማታም ያንኑ ዳገት ትወጣዋለች። ልጄ፣ እናንተ ስንት ነው የምትከፍሏት?»

«በወሩ መጨረሻ ይከፈላታል፣ ጋሼ።»

ዝም ብለው ቆዩና ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። በ1959 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ጎጃም ሄደው አስተምረዋል። ያ አገልግሎት በ1957 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ተማሪው ድግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያደርግ ነበር፤ አብዛኞቹ የሚመደቡት በመምህርነት ነው። «አበል ነበረን። የደሃ ልጅ ነበርኩ፤ ያ አበል ባይኖር አንድ ወር አልቆይም ነበር። ሆዱ የጎደለ ሰው የሌላውን ጉድለት እንዴት ይሞላል?»

ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገርኳት። «ለምን አልነገርሽኝም? ቅጹ ላይ ‹አዎ› ብለሻል እኮ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም። «‹አልችልም› ብል ኖሮ ይወስዱኝ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ደግሞም መልሱን አውቀው ነበር። «አልችልም» ላይ ምልክት ያደረጉ ሦስት ቅጾች በመሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ፤ ሦስቱንም ለቃለ መጠይቅ ሳልጠራ ነው ያስቀመጥኳቸው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አውጥቼ አነበብኳቸው። አንዱ ከሳጥኑ ጎን በእስክሪብቶ «ነገር ግን ተበድሬ እሞክራለሁ» ብሎ ጽፏል። ስመርጥ ያቺን ዓረፍተ ነገር አላየኋትም። የተደገፈ ልምምድ ብለን በሩን የከፈትነው ለእነዚህ ልጆች ነበር፤ በአንዲት ጥያቄ መልሼ የዘጋሁባቸውም እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሒሳብ ሹማችን ዘንድ ገባሁ። እኔን የሚያህል ልጅ ያላቸው፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

«አበሉ በየሁለት ሳምንቱ፣ በቅድሚያ ይከፈል» አልኳቸው።

«ሳይሠራ?»

«እኛ መስክ ስንወጣ ውሎ አበላችንን መቼ ነው የምንወስደው?»

«ከመሄዳችን በፊት። ስንመለስ እናወራርዳለን» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «እኛ ግን ደመወዝ አለን፤ ካላወራረድሽ እቆርጥብሻለሁ። ልጅቷ ነገ ብትቀር ከማን ልቁረጥ? ለጋሹ ካልተቀበለው ወደ አስተዳደር ወጪ ነው የሚዞርብኝ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ ደግሞ፣ 1113/2011፣ ለአስተዳደር ከጠቅላላ ገቢያችን 20 በመቶ እንዳናልፍ ይላል።»

እውነታቸውን ነበር። «በእኔ ስም ተሰብሳቢ ይያዝ፤ ካልተወራረደ ከእኔ ይቆረጥ» አልኩ። ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ የቅድሚያ ክፍያ ቅጹን አውጥተው ሰጡኝ።

ለትምህርት ክፍሏ የማስጠንቀቂያውን ቁጥርና ቀን ጠቅሼ ደብዳቤው እንዲሰረዝ ጻፍኩ። ለሦስቱ ልጆችም ደወልኩ። ሁለቱ የቀን ሥራ ይዘው ነበር፤ «ለከርሞ» አሉኝ። ተበድሬ እሞክራለሁ ያለው ልጅ ስልክ ዝግ ነበር። በሳምንቱም፣ በወሩም ዝግ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ የሁለት ሳምንቱን 1,500 ብር ወስዶ ቀረ። ሒሳብ ሹማችን ያልተወራረደውን ሰነድ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፤ ምንም አልተናገሩም። ገንዘቡ ከደመወዜ ተቆረጠ፤ አመመኝ፤ ልጁንም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዘንድሮ ሰኔ ላይ የስምንቱንም ቅድሚያ ክፍያ ሞልቼ ወሰድኩላቸው። «በስምሽ?» አሉኝ። «በስሜ» አልኳቸው። ቅጹን አገላብጠው ከፈረሙ በኋላ ብሩን ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ቆጥረው በስምንት ፖስታ ውስጥ አደረጉት።