ጣቢያው የት ይሁን?

ጅማ፣ ሐሙስ ማታ

ጅማ የባቡር ሐዲድ ኖሯት አያውቅም። ይሁን እንጂ በአገር አቀፉ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኢጃጂ በኩል ጅማ የሚገባ፣ ከዚያም እስከ ጉራፈርዳና ዲማ የሚዘልቅ መስመር ስለተካተተ፣ ቡና ላይ ስንቀመጥ የባቡሩ ወሬ በየጊዜው ይነሣል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው መቼ እንደሚመጣ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጣቢያው የት እንደሚሠራ ሲሆን፣ ይህን ሐሳብ ይዤ የተመለስኩት ከድሬዳዋ ነው።

አጎቴ በምድር ባቡር መካኒክነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ከዚራ ወደሚገኘው አሮጌው ጣቢያ ይዘውኝ ሄዱ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ ከግርጌው እንዲያልፍ ተደርጎ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከጣቢያው ይልቅ ልቤን የወሰደው ባቡሮች የሚጠገኑበት ዴፖ ነበር። መሬቱ የብዙ ዘመን ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሰው ቆሞ የባቡሩን ሆድ ከሥር የሚፈትሽበት ረጅም ጉድጓድ አለ፤ ጠርዙ የመካኒኮች እጅ ከመብዛቱ የተነሣ ለስልሷል። አጎቴ አንድ ትልቅ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ፊት ቆመው መዘውሩን በመዳፋቸው ካበሱ በኋላ፣ ‹‹አየህ ልጄ፣ መለዋወጫ ከውጭ ስንጠብቅ ባቡር አይቆምም ነበር፤ ቡሎኑንም ሌላውንም እዚሁ ቆርጠን እንሠራዋለን›› አሉኝ። ሊቶሪና የሚባለውን የራሱ ሞተር ያለው የመንገደኛ ባቡርና ባዶ ፉርጎዎቹን ሲያሳዩኝ ድምፃቸው ከፍ ማለቱን አስተውያለሁ፤ ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ያ ጣቢያ የከተማው መሐል ነው፤ ሰው ከገበያ ወጥቶ በእግሩ ይደርስበት ነበር። በሞጆ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽና በሚኤሶ ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎችም እንደዚሁ ነበሩ፤ ነጋዴዋ ዕቃዋን ተሸክማ ትሳፈራለች፣ ሸጣ ትመለሳለች። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከአሮጌው በብዙ ይሻላል፤ የሐዲዱ ስፋት እንኳ ከ1 ሜትር ወደ 1.435 ሜትር አድጓል። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። የድሬዳዋው ከከተማው ውጭ ነው፤ የአዲስ አበባው ፉሪ ለቡም ከተማው ጠርዝ ላይ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ለጭነትና ለፍጥነት ታስቦ የተሠራ መስመር ጠመዝማዛ አይወድም፣ ከተማ ውስጥ ቤት አፍርሶ ካሣ መክፈልም ቀላል አይደለም። ሆኖም ባቡሩ ጋ ለመድረስ ሌላ መኪና መያዝ ካስፈለገ፣ ትንሽ ሸቀጥ የያዘ ሰው ዞሮ ሚኒባስ ይመርጣል።

ወደ እኛ ስመጣ፣ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የሚውለው ሕዝብ ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከሰርቦ የሚመጣ ነው። የጅማ ጣቢያ ለቡና ጭነት ብቻ ታስቦ ራቅ ብሎ ከተሠራ፣ ይህ ሁሉ ሰው ባቡሩን ከሩቅ ከማየት ያለፈ ጥቅም አያገኝም። ጭነቱ ውጭ ይራገፍ፤ ለመንገደኛው ግን ከመናኸሪያው በእግር የሚደረስ አነስተኛ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ይህን ለአጎቴ በስልክ ስነግራቸው ሳቁብኝና፣ ‹‹የግቤን ገደል ሳትሻገሩ ስለ ጣቢያ ትጨቃጨቃላችሁ እንዴ?›› አሉ። እውነት አላቸው፣ ሐዲድ የለም። ከተማው ግን ሐዲዱን አይጠብቅም፤ በየዓመቱ እየሰፋ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ ገና ወረቀት ላይ ሳለ የጣቢያው መሬት ተለክቶ፣ ድንበሩ ታውቆ፣ በከተማው ፕላን ላይ እንዲሰፍር እመኛለሁ።