«ቪኤይት ናት አይደል?»

ነዳጅ ማደያ በቆምኩ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም። መጥቶ ዙሪያዋን ይዞራል፣ ክሮሟን በጣቱ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ ያቺን ጥያቄ ይወረውራል። «ቪኤይት ናት አይደል?» ስምንት ሲሊንደር በቪ ቅርጽ የተደረደሩበት ትልቅ ሞተር አላት ወይ ማለቱ ነው። አይደለችም። ይህን ስነግረው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ለምጄዋለሁ። ሰርግ ተጠርቶ ሽሮ የቀረበለት ሰው ፊት ነው።

መኪናዬ ባለ አራት በር ሼቭሮሌ ቤል ኤር ናት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1967። ከጫፍ እስከ ጫፍ 5.4 ሜትር ትሆናለች። ኮፈኗ ሥር ያለው ግን ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበት 4.1 ሊትር ሞተር ነው። በጊዜው የተጻፈለት ጉልበት 155 ፈረስ ነው። እሱም ሞተሩ ብቻውን፣ ማርሚታውና ሌላው ጣጣ ሳይታሰርበት የተለካ ስለሆነ ጎማው ጋ የሚደርሰው ከዚያ ያንሳል። በዚያው ዓመት በዚያው ቦዲ 385 ፈረስ ያለው ቪኤይት ማዘዝ ይቻል ነበር። የኔዋን ያዘዘው ሰው ቆጣቢ ነበር።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከገዛኋት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሻጯ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ስድስት ሲሊንደር መሆኗን ሲሰሙ ስልክ የዘጉባቸው ሰዎች እንዳሉ ነገሩኝ። ዋጋዋ 6,500 ዶላር የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቪኤይት ብትሆን ኖሮ ዋጋዋን ሰምቼ ከበር ላይ እመለስ ነበር።

ስገዛ ብቻዬን አልሄድኩም። ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ነው፤ እዚህ ከመጣ በኋላ ደግሞ አብረን ታክሲ ነድተናል። ሞተሩን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ቀጥታ መሬት ላይ ተኛና ማግኔት አውጥቶ የወለሉን ላሜራ አንድ በአንድ ነካካ። ማግኔቱ ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው ማለት ነው። «ሞተር ይገዛል ልጄ፣ የበሰበሰ ላሜራ ግን ኪስ ያራቁታል» አለኝ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይት መያዣውን አሳየኝ። ለሁለት የተከፈለ ነው። ሼቭሮሌ ላይ በ1967 የመጣ ነገር ነው፤ የፊቱ ፍሬን ቢፈስ የኋላው ይቀራል። የ1966ቷ ሼቭሮሌ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበራት ከፈሰሰ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። «በአንድ ዓመት ልዩነት ነፍስ ተርፏል» አለ። ገዛኋት።

ትልቁን ስህተት ልሠራ የነበረው በሁለተኛው ወር ነው። ጠዋት ስትነሳ «ቲክ ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ጀመራት። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ሁለት ደቂቃ አዳመጠና ሞተሩ አልቆለታል አለኝ። እሱን አድሶ ከመልፋት ያገለገለ ቪኤይት ይሻልሃል፣ 4,000 ዶላር በቂ ነው አለ። እውነቱን ልናገርና ደስም ብሎኝ ነበር። ሰበብ ያገኘሁ መሰለኝ።

ለጋሼ ስደውልለት «ማታ እንዳታስነሳት። ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለች እመጣለሁ» አለ። ቅዳሜ በ12 ሰዓት መጣ። ከኪሱ አንድ ክንድ የምትሆን የላስቲክ ቱቦ አወጣ። አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ ሌላውን በሞተሩ ጎን ቀስ እያለ ሳበው። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። «ና ስማ» አለኝ። ቱቦውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው «ጭስ ጭስ» የሚል የትንፋሽ ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ ሞተሩ ውስጥ ካለ ቫልቭ አይደለም። ጭሱን ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚወስደው የብረት ቱቦ ተሰንጥቋል። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ድምፁም ይጠፋል። ጋራዡ የሰማው እሷ ቀዝቅዛ ሳለች ብቻ ነበር፤ እስክትሞቅ ድረስ አልጠበቃትም።

ካሮጌ መኪና ማራገፊያ ያልተሰነጠቀ ገዛሁ፤ ከጓርኒሲዮኑ፣ ከማሸጊያው ማለት ነው፣ ጋር 140 ዶላር። ገጠማውን ራሴ ልሥራው ብዬ አበላሸሁት። በዚህ ሞተር ነዳጅ የሚያስገባው ቱቦና ጭስ የሚያስወጣው ቱቦ እርስ በርስ በብሎን ታስረው ነው አንድ ላይ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ፣ ጎን የሚገጠሙት። እኔ መጀመሪያ ሁለቱን አጠበቅኩና ከዚያ ሞተሩ ላይ አሰርኩ። ትንሽ ጠማማ ነበሩ መሰለኝ፣ የመጨረሻውን ብሎን ስጨርሰው «ጣ» አለና የብረቱ ጆሮ ተሰበረ። 140 ዶላሬ በአንድ ሴኮንድ! ሁለተኛ ሌላ ገዛሁ። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን የሚያይዙትን ብሎኖች ላላ አድርጎ መተው ነው። መጀመሪያ ከቴስታታው ጋር ይታሰራል፤ ሁለቱን እርስ በርስ ማጥበቅ መጨረሻ ላይ ነው። ጫፍና ጫፍ ያሉትንም በጉልበት አይደለም፤ ብረቱ ሲሞቅ የሚላወስበት ይፈልጋል። ተመሳሳይ ሞተር ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ።

ለቪኤይቱ ያሰብኩትን ብር በኋላ ፍሬን ላይ አዋልኩት። አራቱም ጎማ ከበሮ ፍሬን ነው። ውሃ ሲገባበት መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎተታለች፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሲግል መያዝ ይሰንፋል። ሸራውን፣ የጎማ ሲሊንደሮቹን፣ የላስቲክ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየርኩ። የነዳጅ ቱቦዎቹንም እንዲሁ፤ የዛሬ ቤንዚን ኢታኖል ስላለበት የድሮውን ላስቲክ ይበላዋል። ማንም አይቶ አያደንቅም። እኔ ግን ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ የምነዳ ሰው ነኝ።

አነዳዷ ትዕግሥት ይጠይቃል። አውቶማቲክ ማርሿ ወደፊት ሁለት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ይጮሃል፣ ሁለተኛው ይተኛል። ሀይዌይ 66 መግቢያ ላይ መጀመሪያ ሰሞን ላቤ ይወርድ ነበር። አሁን ገና መግቢያው ሲጀምር እግሬን እስከ ወለሉ እረግጣለሁ። ከኋላ ክላክስ ከተነፋ እጄን አወጣለሁ፣ ይቅርታ ነው። መሪዋም ያለ ፓወር ስለሆነ ፓርክ ማድረግ ስፖርት ነው። ባለቤቴ አንዴ ሞከረችና «ይቺን ከምጠመዝዝ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» ብላ ቁልፉን መለሰችልኝ።

ግን ኮፈኑን ስትከፍቱት ሌላ ዓለም ነው። ሞተሩ ቀጭን፣ ቦታው ሰፊ። በግራም በቀኝም አስፋልቱ ይታያል። ስድስቱም ካንዴላ ፊት ለፊት ተደርድረው ቆመዋል፤ ቡና እስኪፈላ ቀይሬ እጨርሳለሁ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፋብኝ። ካንዴላዎቹ እሳት እንዲረጩ ኤሌክትሪኩን የሚያቆራርጠው ፑንቲና ጠቁሮ ነበር። በጥፍር ሞረድ ጠረግኩት፣ ክፍተቱን 0.48 ሚሊሜትር አድርጌ በካቻቢቴ አሰርኩት፣ ተነሳች። የጥፍር ሞረዱ የባለቤቴ ነበር። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ባለፈው ሐምሌ የዘመድ ልጅ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን የያዘችው እሷ ነበረች። በዚያ ሙቀት፣ በእግር ፍጥነት፣ እየተጨፈረ። የሙቀት ጌጅ የላትም፤ ያላት ሲግል የምትበራ መብራት ብቻ ናት። ዓይኔን ከመብራቷ አላነሳሁም። አልበራችም። የሙሽራዋ ቬሎ ግን በሩ ላይ ተያዘና አንድ ጫፉ በቅባት ጠቆረ። አማቷ ዛሬም በሙሉ ዓይን አያዩኝም።

የምወደው መንገድ ስካይላይን ድራይቭ ነው። ቨርጂኒያ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል፣ 56 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ያለፈው መኸር አንድ ቀይ ኮርቬት፣ የሼቭሮሌ ስፖርት መኪና፣ ከኋላዬ ተሰልፎ መጣ። ሁለታችንም 35። ሸለቆው ቁልቁል የሚታይበት ማረፊያ ላይ ስቆም እሱም ቆመ። ሰውየው ወርዶ ወደኔ ሲመጣ ያቺን ጥያቄ ጠበቅኩ። «ኮፈኑን ትከፍትልኛለህ?» አለኝ። ከፈትኩለት። ሳይናገር ቆየ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ትከሻው በሞተሩና በላሜራው መካከል አስገባ፣ አወጣው፣ ደግሞ አስገባ። «የኔ ጋ ሁለት ጣት አይገባም» አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።