ነባሩን ማስታወሻ ሁሉ አዲስ ያደረገው ፕለጊን

«የዛሬ ሦስት ዓመት የጻፍነው የሰርቨር ማስነሻ መመሪያ ዛሬ ነው የተፈጠረው ይላል» አለን ተረኛው። ቀልድ መስሎን ነበር። ሌላ ማስታወሻ ከፈተ፤ እሱም የዛሬ። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ለካ ጠዋት ኦብሲዲያን የተባለውን የማስታወሻ መተግበሪያችንን ከፍቶ ፕለጊኖቹን፣ ማለትም ተጨማሪ ተግባር የሚሰጡትን ቅጥያዎች፣ በሙሉ አፕዴት አድርጓቸዋል፤ ዘግቶ እንደገና ሲከፍተው መተግበሪያው ለመነሳት ከወትሮው በጣም ቆይቶበት ነበር።

የሥራ መመሪያዎቻችንም የብልሽት ታሪካችንም ያለው እዚያ ነው። ማስታወሻዎቹ ተራ የማርክዳውን (የጽሑፍ) ፋይሎች ስለሆኑ ፎልደሩን የምንጋራው የፋይሎችን ለውጥ ከነታሪኩ በሚመዘግበው በጊት ነው፤ የእያንዳንዳችንን ለውጥ አንድ ስክሪፕት በየሰዓቱ ኮሚት እያደረገ (ጊት ላይ እየመዘገበ) ወደ ሰርቨር ይልካል። ያስጨነቀንም ይኸው ስክሪፕት ነው። ሰዓቱ ሞልቶ ከተነሳ ነገሩ የሁላችንም ላፕቶፕ ላይ ይደርሳል።

አለቃችን መተግበሪያው ውስጥ ገብተው ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመሩ። ሰነዶቻችንን የምትከታተለው ባልደረባችን «ይቅርታ፣ መጀመሪያ ይዝጉት» አለቻቸው። «ክፍት እስከሆነ ድረስ አሁንም እየጻፈ ሊሆን ይችላል።» መተግበሪያው ተዘጋ። ስክሪፕቱን አቆመች፤ ፎልደሩን እንዳለ ገልብጣ ሌላ ቦታ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ የሠራችውን ከሞላ ጎደል ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በተርሚናል ሠራችው።

«ጊት ስታተስ» ስትል የተቀየሩት ፋይሎች ዝርዝር ስክሪኑን ሞልቶ አለፈ። በፋይሎቹ ውስጥ ምን እንደተቀየረ የሚያሳየው «ጊት ዲፍ» ደግሞ በየፋይሉ አናት ላይ አንድ ዓይነት ነገር አሳየ፦ ሦስት ሰረዝ፣ «የተፈጠረበት» የሚል ቃል ከዕለቱ ቀን ጋር፣ ከሥሩ ደግሞ ሦስት ሰረዝ። የሰው እጅ እንዲህ አይሠራም።

ኦብሲዲያን የራሱን ጓዝ የሚያስቀምጠው በነጥብ በሚጀምር ስውር ፎልደር ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ፕለጊን እዚያ የራሱ ክፍል አለው፤ ኮዱ፣ ስሙንና ቨርዥኑን የያዘው ማኒፌስት፣ የተጠቃሚው ምርጫ የሚቀመጥበት ዳታ ፋይል አንድ ላይ ናቸው። የትኞቹ ፕለጊኖች እንደበሩ የሚናገረው ደግሞ አንድ አጭር የጄሰን ፋይል ነው። ይህን ስውር ፎልደርም በጊት ስለምንመዘግበው፣ የተቀየሩትን ማኒፌስቶች ብቻ ለይታ ስታወጣ የዚያን ዕለት ማሻሻያ ያገኙት ጥቂት ፕለጊኖች ታዩ። በእነሱ ዳታ ፋይል ላይ «የተፈጠረበት» የሚለውን ቃል ግሬፕ በተባለው የቃል መፈለጊያ ትዕዛዝ ስትፈልግ አንዱ ብቻ ቀረ። በቅጂው ላይ ማስታወሻዎቹን ወደ ቀድሞ ይዘታቸው መለሰች፣ የፕለጊኑን ስም ከዝርዝሩ አወጣች፣ መተግበሪያውን ከፈተች። ወዲያው ተነሳ፤ አንድም ማስታወሻ አልተነካም። ስሙን መልሳ ስታስገባው ቀኑ በየፋይሉ ተመልሶ መጣ። ፍንጭ ባይገኝ ኖሮ ዝርዝሩን ለሁለት እየከፈሉ ግማሹን ማጥፋት ነበር የሚቀረው። ይህም ቢሆን የሚመስለውን ያህል አድካሚ አይደለም፤ 30 ፕለጊን ቢኖር ቢበዛ በ5 ዙር ጥፋተኛው ይለያል።

ኦብሲዲያን ሲነሳ ፎልደሩ ውስጥ ያገኘውን ነባር ፋይል ሁሉ «ተፈጠረ» እያለ ለፕለጊኖች ያሳውቃል። ይህ ለገንቢዎች በተዘጋጀው መመሪያ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ በእርግጥ አዲስ የሆነውን ፋይል ብቻ የሚፈልግ ፕለጊን መተግበሪያው ተነስቶ እስኪያበቃ መጠበቅ አለበት። የዚህኛው አዲስ ቨርዥን ግን አልጠበቀም። የነገሩትን ሁሉ አምኖ ቀን እየመታ ሄደ።

ጥፋተኛውን መለየቱ ቀላሉ ነበር። ሁሉንም ፋይል በ«ጊት ሪስቶር» ወደ መጨረሻው ኮሚት መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ተረኛው ሌሊት ስለደረሰው ብልሽት ጠዋት የጻፈው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ «ጊት ዲፍ» ላይ «ናምስታት» የሚለውን አማራጭ ጨመረችበት፤ ለየፋይሉ ስንት መስመር እንደተጨመረና ስንት እንደተቀነሰ በቁጥር ብቻ ያሳያል። 3 ተጨምሮ 0 የተቀነሰበት የፕለጊኑ ሥራ ነው። አናቱ ላይ ቀድሞውኑ በሰረዝ የታጠረ መግለጫ ያለው ማስታወሻ ግን የቀኗን መስመር ብቻ ስለሚቀበል 1 እና 0 ይላል። ከዚህ የተለየ ቁጥር ያለው ሰው ነክቶታል ማለት ነው።

«መግለጫ ያለው ማስታወሻ ላይ ሰው ሁለት መስመር ቢጨምርስ? እሱም ሦስት አይሆንም?» አሉ አለቃችን። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «ልክ ነዎት» አለችና 3 ያሉትን ብቻ ለይታ፣ ከተጨመሩት መስመሮች መካከል ሰረዝም ቀንም ያልሆነ ነገር ያለበትን ፈለገች። አንድ ፋይል ወጣ፤ ተረኛው ስለተቀየረ ዲስክ የጻፋቸው ሁለት መስመሮች ነበሩበት። በ1ዎቹም ላይ ያንኑ አደረገች። የቀሩት በትዕዛዝ ተመለሱ፤ የሰው እጅ ያለባቸው በእጅ ተስተካከሉ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ከትዕዛዞቹ ይልቅ የአለቃችን ጥያቄ ነው፤ እሳቸው ተርሚናል ከፍተው አያውቁም።

በዳታ ፋይሎቹ መሀል ስታስስ ግን ሌላ ነገርም ዓይኗ ገብቶ ነበር። ከሥራ መከታተያ አገልግሎት ጋር የሚያገናኘን አንድ ሌላ ፕለጊን የመግቢያ ቁልፋችንን እዚያው በግልጽ ጽሑፍ አስቀምጦታል፤ እኛም ይህን ሁሉ ጊዜ ወደ ሰርቨር ስንልከው ኖረናል። ከፋይሉ ላይ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም፤ የድሮዎቹ ኮሚቶች ውስጥ ይቀመጣል። ቁልፉ የዚያኑ ቀን ተሰርዞ አዲስ ወጣ፤ ፋይሉም ጊት እንዳይመዘግበው ተደረገ። አፕዴት አሁን መጀመሪያ በቅጂው ላይ ይሞከራል፤ «ጊት ዲፍ» ከስውሩ ፎልደር ውጪ ምንም ለውጥ ካላሳየ ነው ለሌሎቻችን የሚላከው።