ባጠፋሁት ቁጥር የሚነሳው ዳታቤዝ

ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ፖስትግሬስን ወደ አዲስ ቨርዥን ላሳድግ ዳታቤዙን አጠፋሁት። ቨርዥኑን የሚያሳድገውን ፕሮግራም፣ ፒጂ አፕግሬድን፣ ሳስነሳ «አሮጌው ገና እየሠራ ነው» አለኝ። ሳላጠፋው ቀርቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ተነሳ። በሦስተኛው ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ።

«አንተ ነህ እንዴ የምታስነሳው?»

«እኔ ተኝቻለሁ ባክህ!»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሲስተምዲን፣ ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) የሚያስነሳውንና የሚያቆመውን፣ ነበር። ግን ሲስተምዲ በራሱ የወደቀን ሰርቪስ ያስነሳ ይሆናል እንጂ፣ ሰው በትእዛዝ ያቆመውን አይነካም። ሎጉን ስከፍት ጉዱ ወጣ። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) «ሪስታርት» የሚለው ዛቢክስ፣ ማለትም ሰርቨሩን የሚከታተለው ሶፍትዌር፣ የሚሠራበት ዩዘር ነው። ከወራት በፊት ራሴ የጻፍኩት ስክሪፕት! ፖስትግሬስ ሲወድቅ ያስነሳዋል። ስንት ሌሊት በሰላም አስተኝቶኛል፤ ያን ሌሊት ግን ከእኔው ጋር ግብግብ ገጠመ።

የገረመኝ ሰርቨሩን አስቀድሜ ዛቢክስ ላይ «ጥገና ላይ ነው» ብዬ መመዝገቤ ነው። ቴሌግራሜ ላይ አንድም አላርት አልመጣም። ዝም ሲል ሁሉም የቆመ መሰለኝ። ለካ መልእክቱን የሚልከውና ስክሪፕቱን የሚያስነሳው ሁለት የተለያዩ አክሽኖች፣ ማለትም ችግር ሲመጣ ዛቢክስ ምን እንዲያደርግ የሚያዙ ደንቦች፣ ናቸው። እያንዳንዱ አክሽን ላይ «ችግሩ በጥገና ምክንያት ከታፈነ እርምጃውን አቆይ» የሚል ሳጥን አለ። አክሽኑ ሲፈጠር ሳጥኑ ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው። ስክሪፕቱን ስሞክር ምልክቱን አንስቼ ሳልመልሰው ቀርቻለሁ።

ፒጂ አፕግሬድን የማስኬደው ደግሞ በሊንክ ዘዴ ነበር። በዚህ ዘዴ አሮጌውና አዲሱ ያው አንድ ፋይል ነው የሚጋሩት። አዲሱ ሥራ ከጀመረ በኋላ አሮጌው ቢነሳ ዳታው ይበላሻል። ፕሮግራሙ ይህን ለመከላከል የአሮጌውን አንድ ቁልፍ ፋይል ስም ይቀይራል፤ እኔ ግን በእሱ ብቻ ተማምኜ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሮጌውን ሰርቪስ ማስክ አደረግኩት። ማስክ የተደረገን ሰርቪስ ማንም «ስታርት» ቢለው አይነሳም። ሥራው ከዚያ በኋላ ያለችግር አለቀ።

ሰኞ ሳጥኑን መለስኩ። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። የጥገናው ሰዓት አልቆ ችግሩ ገና ካልተዘጋ፣ ዛቢክስ ያቆየውን እርምጃ ይቀጥላል። የጥገና ሥራ ደግሞ በተባለለት ሰዓት አልቆ አያውቅም፣ ቢያንስ የእኔ። ስለዚህ አሁን ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ አራት እመዘግባለሁ። ስክሪፕቱም ዳታቤዙን ከማስነሳቱ በፊት፣ ጥገና ስጀምር የምፈጥራት አንዲት ባዶ ፋይል መኖሯን ያያል፤ ካለች ሎግ ጽፎ ይተወዋል። መጀመሪያ ላይ ፋይሏን ማጥፋት ረሳሁና ከቀናት በኋላ ዳታቤዙ ሲወድቅ የሚያነሳው ጠፋ። አሁን ከተፈጠረች 4 ሰዓት ያለፋትን ፋይል እንደሌለች ይቆጥራታል።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ «ሌሊት 8 ሰዓት» ስንባባል ዛቢክስ የሚፈልገው 02:00 ነው። ባልደረባዬ አንድ ጊዜ የጥገናውን መጀመሪያ 08:00 ብሎ ሞላው። ስልካችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ቢሮ ሲገባ፣ ጸጥ አለ።